ስለ መልቲሜትር አመራረጥ፤ ለወላጆችና ለጀማሪዎች የተሰጠ ምክር

መለኪያ የሌለው ሰው በግምት ይኖራል፤ በግምት የሚኖርም ሰው ዕለት ዕለት ይከስራል። ስለዚህ አባቶቻችን እህሉን በቁና፤ ጨርቁን በክንድ፤ ወርቁን በወቄት ሳይለኩ አይሸጡም፤ አይገዙምም ነበር። በዛሬው ዘመን ግን በዓይን የማይታይ፤ ድምፅ የሌለው፤ ቢነኩት ግን የሚገድል አንድ ነገር በቤታችን ገብቶ አብሮን ይኖራል፤ እርሱም ኤሌክትሪክ ነው። ቤታችንን እናበራበታለን፤ እንጀራችንን እንጋግርበታለን፤ ስልካችንን እንሞላበታለን፤ ነገር ግን የሚለካበትን መሣሪያ አውቆ በቤቱ ያኖረ አባወራ እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን ነገር እንድንጽፍ ያነሣሡን ልጆቻችን ናቸው። ብዙ ወጣቶች በትምህርት ቤት ከሰሙት ተነሥተው፤ ከተበላሸ ሬዲዮና ከአሮጌ ስልክ ውስጥ የወጣውን ዕቃ እየሰበሰቡ፤ በጠረጴዛቸው ላይ ትንሽ አምፖል ማብራት፤ ሞተር ማዞር፤ የድምፅ ማጉያ መሥራት ጀምረዋል። ይህ መልካም ጨዋታ ነው፤ ጨዋታም ብቻ አይደለም፤ የሙያ መጀመሪያ ነው። ሥራው ጥቂት እንደ ተራመደ ልጁ ከአባቱ ዘንድ ቀርቦ «መለኪያ ይግዙልኝ» ማለቱ አይቀርም። አባቱ ግን ስለ ነገሩ የማያውቅ የሆነ እንደ ሆነ፤ ወይ ዋጋው የረከሰውን፤ ወይ መልኩ ያማረውን አንሥቶ ይሰጠዋል። ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት ለማስረዳት አንድ ታሪክ እንናገራለን።

አንድ የመንግሥት ሹም የሆኑ ወዳጃችን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አላቸው። ልጁ ትጉህና ነገር መርማሪ ስለ ሆነ፤ ደስ ይበለው ብለው ከገበያ አንድ መልቲሜትር ገዙለት። ዋጋው ርካሽ፤ በፊቱ ላይ የተጻፈው ቍጥርና ምልክት ግን ብዙ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ልጁ በዘጠኝ ቮልት ባትሪ ያበራት ትንሽ አምፖል ምን ያህል ፍሰት እንደምትወስድ ለማየት፤ ቀዩን ገመድ «10 አምፔር» ከሚል ቀዳዳ ሰክቶ ለካ፤ ልኩም መልካም ሆነለት። በማግሥቱ ደግሞ የግድግዳው ሶኬት ስንት ቮልት እንደሚሰጥ ለማወቅ ወደደ። ማዞሪያውን ወደ ቮልት አዞረ፤ ቀዩን ገመድ ግን ከአምፔሩ ቀዳዳ መንቀል ረሳ። ሁለቱን የብረት ጫፎች በሶኬቱ ውስጥ ባገባቸው ጊዜ እንደ ጠመንጃ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፤ የቤቱም መብራት ሁሉ ጠፋ። መብራት በመጣ ጊዜ የገመዱ ጫፍ ቀልጦ፤ የልጁ ጣቶች በጥላሸት ጠቁረው፤ ቆዳውም ጥቂት ተቃጥሎ ተገኘ። ዓይኑ ግን ዳነ፤ ነፍሱም ዳነች።

አባትየው ተቈጥተው መሣሪያውን ሁሉ በሣጥን ቈለፉት፤ ልጁም ዳግመኛ ሽቦ እንዳይነካ ከለከሉ። እናትየው ግን፤ «የልጁ ጥፋትና የዕቃው ጥፋት ሳይለይ ፍርድ መስጠት ከእርስዎ አይጠበቅም» አሏቸው። ይህ ቃል ለሹሙ ከበዳቸውና መለኪያውን ይዘው ወደ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄዱ። ሽማግሌው የመለኪያውን ጀርባ ፈትተው አሳዩዋቸው። «ይመልከቱ ጌታዬ፤ በአምፔሩ መንገድ ላይ ከዚህ ወፍራም ሽቦ በቀር ምንም የለም፤ ፊውዝ አልተደረገበትም። ከቀዳዳውም አጠገብ ያለ ፊውዝ መሆኑ በእንግሊዝኛ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ልጅዎ የረሳውን እኔም በአርባ ዓመት ሥራዬ ሁለት ጊዜ ረስቼዋለሁ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የኔ መለኪያ ፊውዙን ሰጥቶ እጄን አተረፈልኝ» አሏቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር በሽማግሌው ቃል ውስጥ ይገኛል። መለኪያ ሲመረጥ፤ ሰው ሳይሳሳት ሲቀር ምን ያህል እንደሚያገለግለው ብቻ ሳይሆን፤ በተሳሳተ ጊዜ ምን እንደሚያደርገው አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። ሰው ሆኖ የማይረሳ የለምና።

አሁን መሣሪያው ምን እንደ ሆነ እንናገር። መልቲሜትር ማለት በአንድ ሣጥን የተሰበሰበ ብዙ መለኪያ ማለት ነው፤ የእጅ ሠራተኞች በተለምዶ «ቴስተር» ይሉታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1820 ዓ.ም. ሃንስ ክርስቲያን ኤርስትድ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ፤ ኤሌክትሪክ የሚፈስበት ሽቦ በአጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ እንደሚያነቃንቅ ገለጠ። ከዚያ ወዲህ የመርፌው መነቃነቅ የኤሌክትሪክ መለኪያ ሆነ፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን ለእያንዳንዱ ልክ የተለየ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። ዶናልድ ማካዲ የተባለ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት መሐንዲስ፤ ይህን ሁሉ መሣሪያ ተሸክሞ መዞሩ ስላስቸገረው፤ ሦስቱን ዋና ዋና መለኪያዎች በአንድ ሣጥን አዋሐደ፤ ይህም «አቮ» ተብሎ በ1923 ለገበያ ወጣ። ስሙ አምፔር፤ ቮልትና ኦም ከሚባሉት ከሦስቱ መስፈሪያዎች የመጀመሪያ ፊደሎች የተውጣጣ ነው። ኋላም አንድሩ ኬይ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በመርፌ ፈንታ በአኃዝ የሚናገር የቮልት መለኪያ ሠራ። ዛሬ በገበያ የሚገኙት አብዛኞቹ መለኪያዎች የዚህ የአኃዝ ዓይነት ናቸው።

ሦስቱ መስፈሪያዎች ምን እንደ ሆኑ ለማስተዋል በኮረብታ ላይ የተሠራ የውኃ ገንዳ እናስብ። ገንዳው ከፍ ባለ መጠን ውኃው በቧንቧው ውስጥ የሚገፋበት ኃይል ይበረታል፤ ቮልት ማለት ይህን ግፊት የሚመስል ነው። በቧንቧው ውስጥ በአንድ ቅጽበት የሚያልፈው የውኃ ብዛት አምፔርን ይመስላል። የቧንቧው ጥበት ደግሞ ውኃውን እንደሚከለክለው፤ ኤሌክትሪኩንም የሚከለክለው ነገር ሬዚስታንስ ይባላል፤ መስፈሪያውም ኦም ነው። ግፊቱ በበረታ ቍጥር ፍሰቱ ይበዛል፤ መንገዱ በጠበበ ቍጥር ፍሰቱ ያንሳል።

ቮልት የሚለካው ሁለቱን ጫፎች በሁለት ቦታ ላይ በማስነካት ነው፤ በዚህ ጊዜ መለኪያው በር ዘግቶ ከውጭ እንደሚመለከት ሰው ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከቍጥር የማይገባ ነው። አምፔር የሚለካው ግን መንገዱን ቈርጦ መለኪያውን በመካከል በማስገባት ነው፤ ፍሰቱ ሁሉ በመለኪያው ውስጥ እንዲያልፍ ያስፈልጋልና። ስለዚህ በአምፔር ቀዳዳ በኩል መለኪያው እንደ ባዶ ሽቦ ነው። ማዞሪያው በቮልት ላይ ቢሆን እንኳ፤ ቀዩ ገመድ በአምፔር ቀዳዳ ካለ፤ ጫፎቹን ከ220 ቮልት ሶኬት ማግባት ሁለቱን የሶኬት ቀዳዳዎች በሽቦ እንደ ማገናኘት ይሆናል፤ ሠራተኞች «ሾርት» የሚሉት ይህ ነው። የቤቱ ብሬከር እስኪዘጋ ድረስ በብዙ መቶ የሚቈጠር አምፔር በዚያ ቀጭን ገመድ ያልፋል። በወዳጃችን ልጅ ላይ የደረሰው ይህ ነው።

እንግዲህ ገዢው አስቀድሞ ራሱን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መለኪያው ለየትኛው ሥራ ነው የሚል ነው። የልጁ ሥራ በባትሪና ከ12 ቮልት በማይበልጥ ኃይል ላይ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፤ መካከለኛ ዋጋ ያለው መለኪያ ይበቃዋል፤ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ነገር ግን መለኪያ በቤት ከተገኘ ዘንድ አንድ ቀን ወደ ግድግዳው መሄዱ አይቀርም። ዛሬ ልጁ ባይወስደው ነገ ታላቅ ወንድሙ ወይም አባቱ ራሱ «መብራት አለ ወይስ የለም» ብሎ ይወስደዋል። ስለዚህ በትንሽ ኃይል ለሚሠራ ጀማሪም ቢሆን፤ ግድግዳውን የሚችል መለኪያ መግዛት ጥበብ ነው።

አንደኛ፤ የደረጃው ነገር። በመለኪያው ፊት በቀዳዳዎቹ አጠገብ «ካት 2» ወይም «ካት 3» የሚል ምልክትና ከእርሱ ጋራ የቮልት ቍጥር ተጽፎ ይገኛል። ካት 2 ማለት በሶኬት ለሚሰኩ ዕቃዎች የተወሰነ ነው፤ ካት 3 ለቤቱ የማከፋፈያ ሣጥንና በግድግዳ ውስጥ ለተዘረጋው መስመር ነው፤ ካት 4 ደግሞ ከመንገድ ምሰሶ እስከ ቆጣሪው ላለው መስመር ነው። ወደ ኃይሉ ምንጭ በቀረቡ መጠን አደጋው ይበረታልና። መብረቅ ሲወድቅ ወይም ታላቅ ሞተር ሲነሣና ሲጠፋ፤ 220 ቮልት የተባለው መስመር ለቅጽበት ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ይዘላል፤ ደረጃው የሚነግረን መለኪያው ይህን ዝላይ እስከ ምን ድረስ እንደሚችል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ካት 2፤ 1000 ቮልት» እና «ካት 3፤ 600 ቮልት» ከሚሉት ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ተብሎ ቢጠየቅ፤ ቍጥሩ የሚበልጠውን ያነሣል። ሁለቱም ግን የሚፈተኑት በ6000 ቮልት ዝላይ ነው፤ ከዚያም በላይ የካት 3 ፈተና የሚደረገው ስድስት ጊዜ የሚበልጥ ፍሰት ሊሰጥ በሚችል ምንጭ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው በርትቶ የተሠራ ነው። ለቤት የሚገዛ መለኪያ «ካት 3፤ 600 ቮልት» ቢሆን መልካም ነው። ምልክቱን ማተም ለማንም ቀላል ስለ ሆነ ግን፤ «ዩኤል»፤ «ሲኤስኤ» ወይም «ቱፍ» እንደሚባሉት ያለ ከሠሪው የተለየ መርማሪ ድርጅት የመሰከረለትን መፈለግ ይገባል። «ሲኢ» የሚለው ምልክት በብዙ ጊዜ ሠሪው ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል ነው፤ ሰውም ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት በዳኛ ፊት ምን ያህል እንደሚመዝን አንባቢዎቻችን ያውቁታል።

ሁለተኛ፤ የፊውዙ ነገር። ፊውዝ ማለት ፍሰቱ ከመጠን ሲያልፍ አስቀድሞ ተቃጥሎ መንገዱን የሚዘጋ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ስለ ጌታው እንደሚሞት ዘበኛ ያለ ነው። ነገር ግን ዘበኛ ሁሉ እኩል አይደለም። የመስታወት ፊውዝ ለባትሪ ሥራ ይበቃል፤ በግድግዳው ኃይል ፊት ግን መስታወቱ ይፈነዳል፤ ከተቃጠለም በኋላ እሳቱ በሁለቱ ጫፎች መካከል በአየር ላይ ዘልሎ ሊቀጥል ይችላል። መልካሙ ፊውዝ በሸክላ ቱቦ ውስጥ አሸዋ የተሞላበት ነው፤ አሸዋው እሳቱን ውጦ ያጠፋዋልና። ስለዚህ በአምፔር ቀዳዳዎቹ ሁሉ ላይ፤ በታላቁም በታናሹም፤ ፊውዝ መኖሩን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ፊውዙ በተቃጠለ ጊዜ የሚተካውም ያው ዓይነትና ያው ልክ መሆን አለበት፤ በፊውዝ ፈንታ ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት መጠቅለል ዘበኛን ሽሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው።

ሦስተኛ፤ የገመዶቹ ነገር። እጅ የሚይዘው መለኪያውን ሳይሆን ገመዱን ነው፤ ስለዚህ መለኪያው ምንም ያህል ቢበረታ ገመዱ ደካማ ከሆነ ሁሉ ከንቱ ነው። የገመዱ ልባስ ወፍራምና ልስልስ፤ መሰኪያው የተሸፈነ፤ ጣት ወደ ብረቱ እንዳይንሸራተት በመያዣው ላይ ጠርዝ ያለው፤ የካት ደረጃም የተጻፈበት ይሁን። ልባሱ የተሰነጠቀ ገመድ በፕላስተር ተጠቅልሎ የሚያገለግል አይደለም፤ ተጥሎ በአዲስ ይተካል።

ስለ ደኅንነቱ ይህን ያህል ከተናገርን፤ ስለ እውነተኛነቱ ደግሞ እንናገር። ሐሰተኛ ሚዛን ሻጩንና ገዢውን እንደሚያጣላ፤ ሐሰተኛ መለኪያም ልጁን ከሥራው ያጣላዋል፤ የሠራው ነገር ደኅና ሳለ ተበላሽቷል ብሎ ያፈርሰዋልና።

ብዙ ሰው አኃዙ የበዛ መለኪያ ሁሉ እውነተኛ ይመስለዋል። የአኃዝ ብዛትና የልክ እውነተኛነት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። እስከ 1999 የሚቈጥር መለኪያ ባለ 2000 ይባላል፤ 3.3 ቮልት የሆነውን ኃይል 3.30 ብሎ ይናገራል። ባለ 6000 የሆነው ግን 3.300 ይላል፤ አንድ አኃዝ አርቆ ያያል ማለት ነው። የእውነተኛነቱ ልክ የሚገኘው ግን ከመለኪያው ጋራ በሚሰጠው ደብተር ውስጥ ነው። ለምሳሌ «ከመቶ 0.5 እና 2 አኃዝ» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፤ ባለ 2000 የሆነው መለኪያ 5.00 ቮልት ባለ ጊዜ፤ የ5 ቮልት ከመቶ 0.5 ማለት 0.025 ነው፤ ሁለት አኃዝ ደግሞ 0.02 ነው፤ ድምሩ 0.045 ይሆናል። እውነተኛው ልክ ከ4.955 እስከ 5.045 ባለው መካከል ነው ማለት ነው። ለጀማሪ ሥራ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ከዚህ ለሚበልጥ ጥራት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ምክንያቱን አስቀድሞ ይወቅ።

ሌላው ምሥጢር መለኪያው ራሱ ከሚለካው ነገር ጥቂት የሚወስድ መሆኑ ነው። ማር ሲቀመስ ከገንቦው ጥቂት እንደሚጐድል ማለት ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች ተቀጣጥለው ከ9 ቮልት ባትሪ ቢያያዙ፤ በመካከላቸው ያለው እውነተኛ ልክ 4.5 ቮልት ነው። የውስጥ ሬዚስታንሱ 10 ሚሊዮን ኦም የሆነ መለኪያ 4.29 ያህል ይናገራል፤ 1 ሚሊዮን ኦም ብቻ የሆነው ርካሹ መለኪያ ግን 3 ቮልት ይላል። ልጁ ይህን አይቶ በከንቱ ሬዚስተሩን ይለውጣል። ስለዚህ በደብተሩ ላይ 10 ሚሊዮን ኦም ወይም «10 ሜጋ ኦም» የሚለውን ፈልጎ ማግኘት ይገባል።

በግድግዳው የሚመጣው ኤሌክትሪክ እንደ ባትሪው በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ አይደለም፤ በአገራችን በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ የሚፈስ ነው። ርካሹ መለኪያ ይህን መመላለስ ለስላሳ ማዕበል ነው ብሎ አስቦ በግምት ይተረጕመዋል። ማዕበሉ በእውነት ለስላሳ ከሆነ ግምቱ ይሰምርለታል። ነገር ግን መብራት በጠፋ ጊዜ የምንጠቀምባቸው ርካሽ ኢንቨርተሮች ማዕበላቸው ማዕዘን ማዕዘን ያለው ነው። ፍጹም አራት ማዕዘን በሆነ ማዕበል ላይ እንዲህ ያለው መለኪያ ከእውነቱ ከመቶ 11 ያህል አብልጦ ይናገራል። «ትሩ አርኤምኤስ» የሚል የተጻፈበት መለኪያ ግን የማዕበሉን መልክ ሳይገምት እውነተኛውን ኃይል ያሰላል። በባትሪ ብቻ ለሚሠራ ልጅ ይህ አያስፈልገውም፤ ኢንቨርተርና የመብራት ማደብዘዣ ለሚመረምር ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ከተጨማሪዎቹ አገልግሎቶች ሁለቱን ብቻ አጥብቀን እንመክራለን። አንዱ መንገድ የተያያዘ እንደ ሆነ የሚጮኸው ነው፤ ጀማሪ ከቮልት ቀጥሎ አብዝቶ የሚጠቀምበት ይህ ነው፤ የተበጠሰ ሽቦና ያልያዘ ብየዳ የሚገኘው በእርሱ ነውና። ሁለተኛው ዳዮድ የሚፈትነው ነው፤ ደኅና የሲሊኮን ዳዮድ በአንድ ወገን ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ገመዶቹን ቢያለዋውጧቸው ግን መንገዱ ዝግ ይሆናል። ይህ አገልግሎት በብዙ ርካሽ መለኪያ የሚሰጠው ግፊት ትንሽ ስለ ሆነ ነጭና ሰማያዊ ኤልኢዲ ማብራት አይችልም፤ ኤልኢዲው ሳይበራ ቢቀር ተበላሽቷል ብሎ መፍረድ አይገባም። ሙቀት፤ የማዕበል ፍጥነትና የመሳሰለውን መለካት ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ ግን ልጁ አይጐዳም። የልክ ወሰኑን ራሱ የሚመርጥ መለኪያ ለጀማሪ ይመቻል፤ በእጅ የሚመረጥበት ግን ልጁ አስቀድሞ እንዲያስብ ያስተምረዋል፤ ሁለቱም ያገለግላሉ።

ይህ መሣሪያ የማይችለውም ነገር እንዳለ ማወቅ ይገባል። እመቤቶች የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው ምን ያህል ኃይል እንደሚወስድ ሊያውቁ ይወዱ ይሆናል። 3500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ የመልቲሜትር ቀዳዳ ግን ወሰኑ ብዙውን ጊዜ 10 አምፔር ነው። ይህን በመልቲሜትር ቀዳዳ ለመለካት መሞከር ፊውዙን ማቃጠል ነው፤ ፊውዝ ከሌለውም ከዚያ የከፋ ነው። ለዚህ ሥራ ሽቦውን ሳይቈርጥ ከውጭ እንደ መቈንጠጫ አቅፎ የሚለካ ሌላ መሣሪያ አለ፤ እርሱንም በባለሙያ እጅ መተው ይሻላል።

ገዢው ወደ ሱቅ በሄደ ጊዜ አንድ አዲስ የ1.5 ቮልት ባትሪና ስሕተቱ ከመቶ አንድ የማይበልጥ የ1000 ኦም ሬዚስተር በኪሱ ይዞ ይሂድ። ባትሪው ከ1.5 እስከ 1.6 ቮልት ያህል፤ ሬዚስተሩም ከ1000 ኦም ብዙ ያልራቀ ልክ ሊያሳይ ይገባል። ሁለቱን ጫፎች ባገናኛቸው ጊዜ መለኪያው ሳይዘገይ ወዲያው ይጩኽ፤ በኦምም በኩል ከአንድ ኦም ያነሰ ያሳይ። ከዚያም ሻጩን አስፈቅዶ ጀርባውን አስከፍቶ ፊውዞቹን በዓይኑ ይይ። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ቢያጋጥም ሌላ ሱቅ አይጠፋም።

መልካም መለኪያ ግን ያለ መልካም ልማድ አይበቃም። ስለዚህ በቤት ውስጥ አራት ሕጎች ይጠበቁ። ፊተኛው፤ አምፔር ከተለካ በኋላ ቀዩ ገመድ ወዲያውኑ ወደ ቮልቱ ቀዳዳ ይመለስ። ሁለተኛው፤ ኦም የሚለካው ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ብቻ ነው። በግድግዳ ኃይል የሚሠራ ዕቃ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ ባለው ካፓሲተር 310 ያህል ቮልት ይዞ ሊቈይ ስለሚችል፤ ልጅ ብቻውን አይክፈተው። ሦስተኛው፤ መስመር ኃይል የለውም ተብሎ የሚታመነው በሦስት ምስክር ነው፤ አስቀድሞ መለኪያው ኃይል እንዳለው በታወቀ ቦታ ይፈተናል፤ ቀጥሎ የሚመረመረው መስመር ይለካል፤ በመጨረሻም መለኪያው በፊተኛው ቦታ ዳግመኛ ይፈተናል። መለኪያው በመካከል ቢበላሽ ዜሮ ማለቱ አይቀርምና፤ በዚህ ሐሰት ያመነ ሰው በእጁ ሕያው ሽቦ ይይዛል። አራተኛው፤ የመለኪያው ባትሪ ሲደክም አንዳንዱ መለኪያ ልኩን ከእውነቱ አብልጦ ስለሚናገር፤ የባትሪው ምልክት በታየ ጊዜ ሳይውል ሳያድር ይለወጥ።

ወዳጃችን ሹሙ ከሽማግሌው ጠጋኝ ዘንድ ሲመለሱ ፍርዳቸውን ለወጡ። ውድ የሆነውን አልገዙም፤ ባለ 6000፤ «ካት 3፤ 600 ቮልት»፤ በሁለቱም የአምፔር ቀዳዳ የሸክላ ፊውዝ ያለውን አንድ መካከለኛ መለኪያ ገዙ። የሣጥኑንም ቍልፍ ለልጁ መለሱለት። በክዳኑ ውስጥ ግን በገዛ እጃቸው «ቀዩ ገመድ ወደ ቮልት ይመለስ» ብለው ጽፈው ለጠፉበት። የግድግዳውን ኃይል በሚመለከት ነገር አባቱ ሳይኖሩ እንዳይነካም ቃል አስገቡት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የአያቱ የባትሪ ሬዲዮ ድምፁ ጠፋ። ልጁ ከፍቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካካ፤ ሁሉም ጮኹለት፤ አንዱ ብቻ ዝም አለ። «አባባ፤ እዚህ ላይ ተበጥሷል፤ መብራቱን ጠጋ ያድርጉልኝ» አላቸው። አባትየው መብራት ይዘው ቆሙለት፤ ልጁም በየደው፤ ሬዲዮውም ተናገረ። አያቲቱም መረቁት። ሲጨርስ ግን አባትየው የተመለከቱት ሬዲዮውን አልነበረም፤ ቀዩን ገመድ ነበር፤ በቦታውም አገኙት።